ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ አሥር ቀን ስለቀረችው ልጄ

ለክብርት ሲስተር ርእሰ መምህርት፤
የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤
ማኅተሙ ባለበት።

ክብርት ሲስተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ያንን ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ድምፅዎን አምላክ ይጠብቅልን እያልኩ፣ እኛም በበኩላችን ከአንድ መንጋጋ ጥርስ በስተቀር ሁላችንም በደህና እንደምንገኝ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእሁድ ጋዜጣ ላይ በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌ በልጄ እጅ ልኬልዎት ነበር፤ ሦስቱም ፖስታዎች ሳይከፈቱ፣ ጥጋቸው እንኳ ሳይታጠፍ፣ «ተማሪዋ ቀሪ ስለሆነች ደብዳቤ ማድረስ አትችልም» የሚል እጅግ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮባቸው፣ በዚያችው በቀሪዋ ተማሪ እጅ ተመልሰውልኛል። ጋዜጣ ግን ቀሪና ተገኚ አይልም፤ ስለዚህ ወደ ጋዜጣው መጣሁ።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ደንበኛ ሥራው እንዳለቀለት ቸኩሎ ስለሚወስድብኝ የብዙ መጻሕፍትን የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ አንብቤ የቀረሁ፣ ስለ ብዙ ነገር ግማሽ ዕውቀት ያለኝ ሰው ነኝ። የእርስዎን «የተማሪዎች የመገኘትና የመቅረት ደንብ» ግን እነሆ ሠላሳ ሁለቱንም ገጽ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ መጨረሻው አልገመት ያለኝ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የነገሩ መነሻ ጥርስ ነው። የዛሬ አሥራ ሦስት ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎ የሆነችው ልጄ ጉንጯ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ስላደረ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድኳት፤ ሐኪሙም ጥርሱን ነቀለላት፣ የሕክምና ወረቀት ጻፈላት፣ ማክሰኞ ጠዋት ገና ከንፈሯ በቅጡ ሳይገጥም ትምህርት ቤትዎ ተገኘች። ልብ ይበሉልኝ፤ ልጄ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤትዎ የቀረችው በዚያች በአንዲት ሰኞ ብቻ ነው። መዝገብዎ ደግሞ እስከ ከትናንት ወዲያ ዓርብ ድረስ አሥር ቀን ቀርታለች ይላል። በደንብዎ በቁጥር አሥራ አንድ እንደተጻፈው ከአሥር ቀን በላይ የቀረች ተማሪ ለማጠቃለያ ፈተና አትቀመጥም። ፈተናው ሐሙስ ይጀምራል። ነገ ሰኞ ነው። አሥራ አንደኛው ቀን ማለት ነው።

አንዲት ሰኞ እንዴት ወልዳ ተዋልዳ አሥር እንደደረሰች ለአንባቢም ግልጽ እንዲሆን፣ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚህ መንፈቀ ዓመት የመገኘት ሥርዓቱን ለማጠናከር ብለው ስላወጡት ስለ ቁጥር አራት አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ቁጥር መሠረት ቀርታ የተመለሰች ተማሪ ከክትትል ቢሮ የመግቢያ ወረቀት ሳትይዝ ክፍል አትገባም። የክትትል ቢሮው ቀድሞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈት የነበረው አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ያለ ማኅተም አይሠራም፣ ማኅተሙ በእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እርስዎ ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጸሎት ቤት ነዎት፤ ማኅተሙም አብሮዎት ይጸልያል። ትምህርት የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በቁጥር ሰባት መሠረት የተማሪ ስም የሚጠራው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ያልተገኘች የቀኑን ሙሉ እንደቀረች ትቆጠራለች። እንግዲህ ልጄ ማክሰኞ ጠዋት የሰኞን ወረቀት ለማውጣት አግዳሚው ላይ ስትጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈ፣ ስሟ ተጠራ፣ ቀሪ ተባለች። ረቡዕ ጠዋት የማክሰኞን ወረቀት ለማውጣት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ የረቡዕ ቀሪ ሆነች። ሐሙስ የረቡዕን፣ ዓርብ የሐሙስን። ቅዳሜና እሁድ መቅረት ስለማይቻል ሁለት ቀን ዐረፈች። ሰኞ የዓርብን ወረቀት ልታወጣ ሄደች። የቀረው ሒሳብ ለአንባቢ አይከብድም።

ሁለተኛ፤ ልጄ ቀሪ በሆነችባቸው ቀናት ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ በመቀመጫዋ ላይ ተገኝታ እንድትማር ስለፈቀዱላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስንቱ ቀሪ እንዲህ ያለ ዕድል ያገኛል? በሦስተኛው የመቅረት ቀኗ የኬሚስትሪ ፈተና ተፈትና ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አመጣች፤ መምህሯ ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ ውጤቱን ጽፈው፣ ከጎኑ «ቀሪ» ብለው አክለውበታል። የክፍል አለቃ በመሆኗም በየቀኑ የስም መጥሪያ መዝገቡን ከክፍል ወደ ክትትል ቢሮ የምታደርሰው እርሷው ናት፤ አለመኖሯን በብብቷ ይዛ ሁለት ፎቅ ትወርዳለች። በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ በቅዳሴ ላይ ምንባቡን ያነበበችው እርሷ ነበረች። እርስዎም ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዳምጠው፣ ሲወጡ ትከሻዋን መታ አድርገው «ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው፣ በርቺ» ብለዋታል። ቤት መጥታ ይህን ስትነግረን ከዋለችበት አግዳሚ ሁሉ ያ ቃል በልጦባት ነበር። እኔ ግን፣ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ፣ የሌለ ሰው ትከሻ እንዴት መታ ይደረጋል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ።

የዘበኛውንም ትጋት ሳልጠቅስ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። በየማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከፍተው «ቀሪዋ! ደህና አደርሽልኝ? ዛሬም ልትቀሪ መጣሽ?» እያሉ ያስገቧታል። በትምህርት ቤትዎ ውስጥ የልጄን መምጣት በወቅቱና በትክክል የሚመዘግቡት ብቸኛ ሰው እኒህ ናቸው፤ ብቻ የሚጽፉበት መዝገብ አልተሰጣቸውም።

ሦስተኛ፤ ባለቤቴ ይህን ነጥብ እንድዘለው መክራኝ ነበር፣ ምክንያቱም ስናገረው ድምፄ ይቀየራል። በጽሑፍ ግን ድምፅ ስለማይታወቅ እቀጥላለሁ።

ደንቡ እንደሚያዘው አምስት ቀን የቀረች ተማሪ ወላጅ በአካል ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ወላጅ የሚስተናገደው ረቡዕ ብቻ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከተማሪዋ ጋር ነው። ባለፈው ረቡዕ ሱቄን ዘግቼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ ልጄን ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አስፈቅጄ፣ የጥርስ ሐኪሙን ወረቀት በፕላስቲክ አሳሽጌ በክትትል ቢሮው መስኮት ፊት ቆምኩ። የክትትል ጸሐፊዋ ጨዋ ሴት ናቸው። መዝገቡን ገለጡ፣ ጣታቸውን በስሟ ላይ አሳርፈው ወደ ቀኝ ወሰዱና አዝነው «አባባ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ላስተናግድዎ አልችልም፤ ተማሪዋ ካልቀረበች አይሆንም፣ ልጅዎ ደግሞ ዛሬ አልመጣችም» አሉኝ። ልጄ ከጎኔ ነበረች። ክርኗ ክርኔን ይነካ ነበር። «ይቺው!» አልኳቸው። ልጄም በዚያ ገና ድዱ ባልጠገገ አፏ «እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለቻቸው። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በእናት ዓይን አዩዋትና «አውቄሻለሁ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አላውቅሽም፤ ግን አንቺ እኮ ቀሪ ነሽ» አሏት።

ክብርት ሲስተር፣ እኒህን ሴት እንዳይቀጡብኝ። እሳቸው ያዩትን አልካዱም፤ ያዩትን መጻፍ ግን ሥራቸው አይደለም። ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩ አንድ አባት «ወንድሜ፣ እኔ የማክሰኞ ቀሪዋን ይዤ ነው የመጣሁት፣ አንተስ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የጥርስ ቀጠሮ የምንጠብቅ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚቆጥሩት ልጆቻችን የቀሩበትን ቀን ነው።

አራተኛ፤ ደንቡ የመገኘት መጠኑን ከፍ እንዳደረገው በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤ በኩራት ቆምኩ፤ ከመቶ ዘጠና ስምንት ይላል። እውነት ነው፣ ማንም መቅረት አይደፍርም። አንድ ቀን መቅረት ምን እንደሚያስከትል ያዩ ልጆች ትኩሳታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሳላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከልጄ ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ኩፍኟን ይዛ መጥታ ለአምስት ጓደኞቿ አካፍላለች። አምስቱም አልቀሩም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በእርስዎ ትምህርት ቤት በሽታውም ቢሆን በሰዓቱ ይገኛል።

አምስተኛ፤ አግዳሚው። ከክትትል ቢሮው ፊት ለፊት ያለውን፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈውን ማለቴ ነው። በእርሱ ላይ አሁን ሰባት ልጆች አሉ። አንዷ ለአጎቷ ቀብር የቀረች ናት፣ አንዷ አውቶቡስ ተበላሽቶባት፣ ሌሎቹን አልጠየቅሁም፤ ሁሉም በአንድ ቀን መቅረት ገብተው መውጫ ያጡ ናቸው። የሚገርመው በትምህርት ቤቱ ውስጥ በየማለዳው ሳያሰልሱ፣ ከሁሉም ቀድመው፣ በአንድ ቦታ የሚገኙ ተማሪዎች እነዚህ ሰባት ቀሪዎች መሆናቸው ነው። ልጄ እዚያው ላይ ደብተር በጉልበቷ ዘርግታ ሒሳብ ታስረዳቸዋለች። ከሰባቱ አሥር የሞላላት እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ስድስቱ ነገ ምን እንደምትሆን አይተው የራሳቸውን ለማወቅ እየጠበቁ ነው።

መፍትሔ አልፈለግንም እንዳይሉን ደግሞ፣ ለክፍል ኃላፊዋ መምህርት ስልክ ደውዬ ነበር፤ «ወረቀት ይዛ ትምጣ እንጂ እኔማ ደስ ይለኛል» አሉኝ። ወረቀት ይዛ ለመምጣት መቅረት እንዳለባት ባስረዳቸው፣ «እሱስ ልክ ነው» አሉና ስልኩን በትሕትና ዘጉ። አማቴ፣ እድሜ ያስተማራቸው ሴት ናቸው፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረድቻቸው ሳበቃ «እናንተስ ብትሆኑ ጥርሱን እሁድ አታስነቅሉም ነበር?» ሲሉ ፈረዱብን። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ ደብዳቤ ከምታሳምር ሄደህ ለምን አትጮህም?» ትለኛለች። እኔም ለጩኸት ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ቀጠሮው ደግሞ ለረቡዕ ነው፣ ረቡዕ ፈተናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው ብዬ መለስኩላት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ እኔም ደንቡን ፈርቼ ይኸው ወረቀት እደበድባለሁ።

እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ይህ ሁሉ በእኛ ቤት ያስቅ ነበር። እራት ላይ «ቀሪዋ፣ ጨው አቀብዪን» እንላታለን፤ እርሷም «የሌለሁ ነኝ፣ ራሳችሁ አንሡ» ትላለች። ሐሙስ ማታ ግን ደብተሮቿን ዘግታ ከመደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው። ለምን እንደማታጠና ብጠይቃት «አባዬ፣ ለማትፈተን ልጅ ማጥናት ምን ያደርጋል?» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ እንዲሁ እንደ ዕለት ወሬ ነገረችኝ። ክብርት ሲስተር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ልጅ ደብተር ዝጊና ተኚ ብዬ ስለምናት ኖሬያለሁ። ሐሙስ ግን ሳልለምናት ዘጋችው።

ስለ ጠፋችው በግ በጸሎት ቤትዎ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ፍለጋ መውጣቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኝ ነበር። አሁን ግን ለእረኛው ቀላል እንደነበረለት ገባኝ፤ በጓ በእርግጥ ጠፍታ ነበር። በረቱ ውስጥ ሆና እየጮኸች ጠፍታለች ብሎ የሚከራከረው መዝገብ አላጋጠመውም።

ደንቡ ይሻር አልልም፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ የጻፈ ሰው እንዴት እንደደከመ አውቃለሁ። ቁጥር አራትም ይኑር፣ ቁጥር ሰባትም ይኑር። የምለምነው አንዲት ነገር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ወደ ጸሎት ቤት ከመግባትዎ አስቀድሞ፣ በዚያ ኮሪደር በኩል ይለፉ። ከቢሮዎ በር እስከ አግዳሚው ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ረቡዕ ዕለት ስጠብቅ ቆጥሬዋለሁ። አግዳሚው ላይ ማን እንደተቀመጠ ይመልከቱ። ከዚያም ከቦርሳዎ ማኅተሙን አውጥተው፣ በማንኛውም ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ «አይቻታለሁ፣ አለች» ብለው ይጻፉ። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ለመቅረት አራት ዓይነት ቅጽ ሲኖርዎ ለመገኘት አንድም የለም። እርስዎ ይህን ካደረጉ ልጄ ስሟ ሲጠራ በክፍሏ ትኖራለች፣ ሐሙስም ትፈተናለች። ካላደረጉ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንደኛው ይሞላል፣ ደንቡም በእርሷ ላይ የሚሠራው ሥራ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በሠላሳ ሁለቱም ገጽ ስለ እርሷ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ ስለቀሩት ስድስት ልጆች ለመጻፍ ቀለም አለኝ።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ልጆቻችን የሌሉ እስኪመስሉ ድረስ በጥንቃቄ ስለሚቆጥሩልን ደግመው ደጋግመው ምስጋናዬን እንዲቀበሉኝ በትሕትና እያመለከትኩ፣ በመቀመጫ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ሞቅ ብሎ ለተገኘው ባዶ ወንበር አባት ሆኜ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የቀሪዋ አባት፣ መጽሐፍ ጠራዡ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመውሰዴ በፊት ልጄ አንብባው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳወጣ ለመነችኝ፤ «ሲስተር ይከፋቸዋል» ብላ። አውጥቻታለሁ፤ ከሁሉ የምታምረው እርሷ ነበረች። ደግሞም ነገ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አግዳሚው ላይ እንደምትገኝ እንድነግርዎ አደራ ብላኛለች፤ ምናልባት ቢመጡ እርሷን ሲጠብቁ እንዳይቆሙ።